ቪሲቪ ራክ፦ ከባዶ የተሠራ ኪክ ምት በምት ይለያያል፣ ሃይ ሃቱም ተራ ኖይዝ ሆኖ ቀረ

ምት_ቀማሚ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሳምፕል ሳልነካ የከበሮ ድምፆችን ቪሲቪ ራክ 2 (ሞጁሎችን በገመድ እያያያዙ ድምፅ የሚሠሩበት የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር) ላይ እየሠራሁ ነው። ሞጁሎቹ በሙሉ ከነጻው የፈንዳሜንታል ስብስብ ናቸው። ፓቹ (የሞጁሎቹ አያያዝ) ይሄ ነው፦

ኪክ (ወፍራሙ የእግር ከበሮ)፦ ቪሲኦ (ሞገድ አመንጪ)፣ ሳይን፣ 49 ሄርዝ፤ ከዚያ ወደ ቪሲኤ (የድምፅ መጠን ከፋችና ዘጊ)። አንዱ ኤዲኤስአር (አታክ፣ ዲኬይ፣ ሰስቴይንና ሪሊስ በሚባሉ ደረጃዎች የሚነሳና የሚወርድ ቮልት፣ ማለትም ኤንቨሎፕ የሚያወጣ) ቪሲኤውን ይከፍታል፣ ሌላው በኤፍኤም (ፍሪኩዌንሲ መለወጫ) መግቢያ በኩል ፒቹን (የድምፁን ቅጥነት) ያወርዳል። ትሪገሩ (ድምፁን የሚያስነሳው ምልክት) ከሲኩዌንሰር (ምቶቹን በተራ ከሚልከው) የሚመጣ የ1 ሚሊሰከንድ ምት ነው።
ሃይ ሃት (ጥንዱ የብረት ሳህን)፦ ነጭ ኖይዝ፣ ሃይፓስ (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያስቀር ፊልተር)፣ ቪሲኤ።

ያስቸገሩኝ ነገሮች፦
1. ኪኩ ምት በምት ይለያያል። አንዱ "ጧ" ብሎ ይመታል፣ ቀጣዩ ለስላሳ ነው። ምንም ኖብ ሳይነካ።
2. የዲኬይ ኖቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዞረው ምንም ለውጥ የለም።
3. ሃይ ሃቱ እንደ ሽቶ መርጫ "ፍስስ" ከማለት አያልፍም። ብረት ብረት አይልም።

ተጨማሪ ስብስብ ማውረድ የግድ ከሆነ ንገሩኝ፤ ግን መጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

---

ቮልት_በኦክታቭ

ምንም ማውረድ አያስፈልግህም ወንድሜ። 1ኛውም 2ኛውም ከትሪገሩ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ በተለያየ መንገድ።

ቀላሉ 2ኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ኤዲኤስአር የሚሠራው በጌት (ከፍ ብሎ በሚቆይ የማብሪያ ቮልት) ነው። ጌቱ ከፍ ብሎ እስካለ ድረስ አታኩን ጨርሶ ወደ ዲኬይ ይገባል። ጌቱ በወደቀ ቅጽበት ግን የያዘውን ጥሎ ወደ ሪሊስ ይዘላል። ያንተ ትሪገር 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ዲኬይ የሚባለው ክፍል ተራው አይደርሰውም፤ የምትሰማውን ርዝመት የሚወስነው ሪሊስ ነው። በዚያ ላይ አታኩ ራሱ ጫፍ ሳይደርስ ስለሚቋረጥ ኤንቨሎፑ 10 ቮልት ሳይሞላ መውረድ ይጀምራል። ኪኩ ደከም ብሎ ከተሰማህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

መፍትሔው፦ ጌቱን ወደ 10 ወይም 20 ሚሊሰከንድ አስረዝመው፣ ሰስቴይንን ዜሮ አድርግ፣ ዲኬይንና ሪሊስን አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ አስቀምጥ። እኩል ከሆኑ ጌቱ የትም ቦታ ቢወድቅ ኩርባው ሳይሰበር ይቀጥላል።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር፦ ኖቡ ላይ ቀኝ ክሊክ ስታደርግ የሚታየው ሚሊሰከንድ ድምፁ የሚያልቅበት ጊዜ አይደለም። ኤንቨሎፑ ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ከ60 ዴሲቤል በታች ለመውረድ የዚያን 7 እጥፍ ገደማ ይፈጃል። 80 ብለህ ብትጽፍ ኪኩ 550 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። 500 ጽፎ "ለምንድነው የማያልቀው" የሚል ጥያቄ በየጊዜው የሚነሳው ከዚህ የተነሳ ነው።

ወደ 1ኛው ስንመጣ፣ ቪሲኦ አይቆምም። ቪሲኤው ተዘግቶ ድምፅ በማይሰማበት ጊዜም ሞገዱ ውስጥ ውስጡን መዞሩን ይቀጥላል። ትሪገሩ ሲመጣ ሞገዱ ዜሮ ላይ ከተገኘ ድምፁ ለስላሳ ሆኖ ይነሳል። ጫፉ ላይ ከተገኘ ደግሞ ቪሲኤው ሲከፈት ከዜሮ ወደ 5 ቮልት ይዘላል፤ ያንተ "ጧ" ያ ዝላይ ነው። የት ላይ እንደሚገኝ የሚወስነው ዕድል ነው። ስለዚህ ያንኑ ትሪገር ወደ ቪሲኦው ሲንክ (ሞገዱን ከመነሻው የሚያስጀምር) መግቢያ ጨምረህ ስደደው፣ ማብሪያውንም ሃርድ ላይ አድርገው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ምት ከአንድ ቦታ ይነሳል።

መነሻ የሚሆኑ ቁጥሮች፦
ቪሲኦ፦ ሳይን፣ 49 ሄርዝ። ይሄ ሶል ነው፤ ዘፈኑ በፋ ከሆነ 43.65፣ በላ ከሆነ 55።
የድምፅ ኤንቨሎፕ፦ አታክ ዜሮ፣ ዲኬይና ሪሊስ 80፣ ሰስቴይን ዜሮ።
የፒች ኤንቨሎፕ፦ ዲኬይና ሪሊስ 12። የኤፍኤም ኖብ 30 በመቶ።

30 በመቶ ከየት መጣ ብትል፣ ኤንቨሎፑ 10 ቮልት ያወጣል፣ ራክ ላይ 1 ቮልት አንድ ኦክታቭ ነው፤ ስለዚህ 100 በመቶ ማለት 10 ኦክታቭ ነው። 30 በመቶ 3 ኦክታቭ ይሰጥሃል፣ ማለትም ከ392 ሄርዝ ተነስቶ 49 ላይ ያርፋል። የኤፍኤም ማብሪያው ሊኒየር ላይ ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ኤክስፖኔንሻል ላይ መሆኑን አረጋግጥ።

ቪሲኤው ላይ ደግሞ ኤንቨሎፑን ሊኒየር በሆነው መግቢያ አስገባ። ኤዲኤስአሩ የሚያወጣው ኩርባ ራሱ ኤክስፖኔንሻል ነው። በኤክስፖኔንሻል መግቢያ ከሄደ በእጥፍ ይታጠፍና ጭራው ተቆርጦ "ጥክ" ብቻ ይቀራል።

---

ስድስት_ካሬ

ሦስተኛውን እኔ ልውሰደው።

ነጭ ኖይዝ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ እኩል ጉልበት ስላለው ጆሮ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ብረት ብረት የሚለው ድምፅ የሚመጣው እርስ በርሳቸው በማይስማሙ ብዙ ቋሚ ፍሪኩዌንሲዎች ነው። የሮላንድ ቲአር-808 ከበሮ ማሽን (1980) ሃይ ሃትና ሲምባል የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፦ ስድስት የካሬ ሞገድ ኦሲሌተሮች አንድ ላይ ተደምረው በፊልተር ያልፋሉ። ኖይዝ አይደለም። የስድስቱ ፍሪኩዌንሲ በግምት 205.3፣ 304.4፣ 369.6፣ 522.7፣ 540 እና 800 ሄርዝ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለብቻቸው የዚያው ማሽን ካውቤል (የደወል ድምፅ) ናቸው።

ስድስት ቪሲኦ መደርደር የለብህም። ራክ ላይ አንድ ገመድ እስከ 16 ቻናል ይሸከማል። ኤይትቨርት የሚባለውን ሞጁል አምጣ፤ መግቢያው ባዶ ሲሆን በየኖቡ ልክ ቋሚ ቮልት ያወጣል፣ 100 በመቶው 10 ቮልት ነው። 0 ቮልት 261.63 ሄርዝ ስለሆነ ኖቦቹ ላይ በቀኝ ክሊክ እነዚህን ጻፍ፦

205.3 ሄርዝ፦ -3.5
304.4 ሄርዝ፦ 2.18
369.6 ሄርዝ፦ 4.98
522.7 ሄርዝ፦ 9.98
540 ሄርዝ፦ 10.45
800 ሄርዝ፦ 16.12

ስድስቱን መውጫዎች በመርጅ ሞጁል ወደ አንድ ገመድ አጠቃልል፣ ወደ አንድ ቪሲኦ የፒች መግቢያ ላክ፣ የካሬውን መውጫ ደግሞ በሰም ሞጁል ደምር። የቪሲኦው ፍሪኩዌንሲ ኖብ መነሻው ላይ መሆን አለበት፤ በደብል ክሊክ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ስድስት ካሬ እያንዳንዱ 5 ቮልት ሲሆን ድምሩ 30 ቮልት ይደርሳል። እንዲሁ ወደ ፊልተር ከገባ ፊልተሩ ይታፈናል፣ ብረትነቱም ወደ ጩኸት ይለወጣል። የሰም ሞጁሉን ሌቭል 20 በመቶ ላይ አድርገው። ከዚያ ቪሲኤ፣ ከቪሲኤው በኋላ ሃይፓስ 7,000 ሄርዝ አካባቢ፤ ፊልተሩ አብዛኛውን ጉልበት ስለሚወስድ የጎደለውን ከፊልተሩ ወዲያ ባለው ሚክሰር ጨምር።

ሃይፓሱን ከቪሲኤው በኋላ ያልኩት በምክንያት ነው። አንተ አስቀድመኸዋል። ቪሲኤው በፍጥነት ሲከፈት ዝላይ ይፈጠራል፣ ዝላዩ ደግሞ ዝቅተኛ ድምፅም አለው፤ ያ "ጥፍ" የሚል ነገር ከኪኩ ጋር ይጋጫል። ፊልተሩ ከኋላ ከሆነ ይጠርገዋል።

የዝግ ሃት ዲኬይና ሪሊስ 10፣ የክፍት ሃት ከ60 እስከ 80። ዝጉ ክፍቱን እንዲያቋርጠው ከፈለግህ ሁለት ቪሲኤ አትሥራ፤ አንድ ቪሲኤና አንድ ኤንቨሎፕ ይበቃል። ሁለቱም ትሪገሮች ያንኑ ኤንቨሎፕ ይምቱ፣ ዲኬይና ሪሊሱ ግን አጭሩ ላይ ተቀምጦ የክፍቱ ምት ሲመጣ ብቻ በሲቪ (የመቆጣጠሪያ ቮልት) መግቢያቸው በኩል ይረዝም። ለዚያ የሚሆነው ጌት ክፍቱ ሲመታ ተነስቶ ዝጉ ሲመታ የሚወድቅ መሆን አለበት።

ኪኩ ላይ የተሰጠህን የሲንክ ምክር ግን እዚህ እንዳትጠቀምበት። ስድስቱ ሞገዶች በየምቱ ከአንድ ቦታ ከተነሱ ሃቱ ሁልጊዜ ግልባጭ ይሆናል። በነጻ ሲዞሩ እያንዳንዱ ምት ትንሽ ይለያል፤ ለሃት የሚያስፈልገው እሱ ነው።

---

ምት_ቀማሚ

ሃቱ ፍጹም ሌላ ነገር ሆነ፣ እግዜር ይስጥሽ። ኪኩም አሁን አንድ ዓይነት ነው፤ ዲኬዩም ይታዘዛል።

ግን አዲስ ነገር መጣ። ኪኮቹ ሲራራቁ ንጹህ ናቸው፤ በ120 ቢፒኤም ሁለት ኪክ በአሥራ ስድስተኛ ርቀት ሲከታተሉ ሁለተኛው ላይ "ቅጭ" ይላል። ሲንኩን ሳወጣው ይጠፋል። ስኔር (ሽቦ ያለው ከበሮ) እና ክላፕም (ጭብጨባ) ላይ ሐሳብ ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ።

---

ቮልት_በኦክታቭ

የሚጠበቅ ነው። በ120 ቢፒኤም አሥራ ስድስተኛ ማለት 125 ሚሊሰከንድ ነው። ኤንቨሎፑ 80 ላይ ሆኖ ከ125 ሚሊሰከንድ በኋላ የቀደመው ኪክ ገና 21 በመቶ ላይ ነው፤ ወደ -13.6 ዴሲቤል። ሲንኩ ያን ሞገድ ካለበት ነጥቆ ዜሮ ላይ ያስቀምጠዋል። "ቅጭ" የሚለው ያ ስብራት ነው።

አማራጮችህ ከቀላል ወደ ከባድ፦

ዲኬይና ሪሊሱን 40 ላይ አድርግ። በ125 ሚሊሰከንድ 4.4 በመቶ ብቻ ይቀራል፣ -27 ዴሲቤል ማለት ነው፤ ያ ስብራት ከአዲሱ ምት ሥር ተሸፍኖ አይሰማም። ዳንስ ነክ ሙዚቃ ላይ ከባሱ ጋር መጋጨቱም አብሮ ይቀንሳል።

ረጅም ጭራ የግድ ከሆነ ኪኩን ሁለት ድምፅ አድርገው። ኪኩን ከሚዲ (ከኪቦርድ ወይም ከሙዚቃ ፕሮግራም በሚመጣ የኖታ መልእክት) የምትመታው ከሆነ ሚዲ-ሲቪ ሞጁል ላይ ፖሊፎኒውን 2፣ አሠራሩን ሮቴት አድርግ፤ ጌቱ በየተራ ወደ ቻናል 1 እና 2 ይሄዳል። ቀሪው ፓች ሳይነካ በራሱ ባለ ሁለት ቻናል ይሆናል። የቀድሞው ኪክ በራሱ ቻናል ያልቃል፣ አዲሱ በሌላው ይነሳል። መጨረሻ ላይ በሰም ደምራቸው። የፒች ገመዱን አታገናኝ፣ አለዚያ ኖታው የኪኩን ፒች ይወስደዋል። ጭራዎቹ ሲደራረቡ የቮልቱ ድምር ከፍ እንደሚል ግን አትርሳ።

ሲንኩን አውጥቶ መተው ሦስተኛው መንገድ ነው ይባላል፤ እኔ አልመክረውም፣ ወደ መጀመሪያው ችግርህ ይመልስሃል።

---

ፊልተር_ነካኪ

አንድ መንገድ አልተነሳም። ኦሲሌተሩን ተወውና ፊልተሩን ምታው። የቪሲኤፉን (የፊልተር ሞጁሉን) ሬዞናንስ (ማስተጋባት) ለብቻው መጮህ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ አድርገህ ያንኑ የ1 ሚሊሰከንድ ትሪገር በድምፅ መግቢያው አስገባ። ፊልተሩ ይደውላል። ቪሲኦም ኤንቨሎፕም ቪሲኤም የለም። የ808 ኪክም በመሠረቱ እንዲህ ነው፤ በአጭር ምት የሚነቃ የሚደውል ሰርኪዩት።

ርዝመቱን የሚወስነው የሬዞናንሱ ጥራት ከፍሪኩዌንሲው ጋር ነው፦ ጥራቱን ለ3.14 እና ለፍሪኩዌንሲው ብዜት ብታካፍለው ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት ጊዜ ይወጣል። ጥራት 20 ሆኖ በ50 ሄርዝ 127 ሚሊሰከንድ፣ በ200 ሄርዝ 32 ሚሊሰከንድ። ማለትም ከፍ ያለው ቶም (መካከለኛው ከበሮ) በራሱ ያጥራል፤ ለቶም ኤንቨሎፕ መቀየር አያስፈልግህም። ሁለት ፊልተር በ110 እና በ175 ሄርዝ ብታደርግ ደግሞ ክብ ቆዳ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ሁለት ድምፅ ርቀት ታገኛለህ፤ 1 ለ1.59 ነው።

"ቅጭ" የሚባል ነገር የለም፤ አዲሱ ምት ባለው ላይ ይጨመራል እንጂ አይነጥቀውም።

---

ቮልት_በኦክታቭ

ለቶም እስማማለሁ። ለኪክ ግን የጨመርከው ምት ከሚዞረው ሞገድ ጋር ከተስማማ ይጎላል፣ ከተቃረነ ይቀንሳል። ሲከታተሉ ጉልበታቸው እንደ ቴምፖው ይለዋወጣል። ጠያቂው መጀመሪያ የሸሸው ይህን ነው። ሬዞናንሱም ጥቂት ከተነካ ወይ ያጥራል ወይ ለብቻው መጮህ ይጀምራል፤ መሃሉ ጠባብ ነው።

---

ፊልተር_ነካኪ

ልክ ነህ፣ ለተራራቀ ኪክ ነው። ለተከታታይ ያንተ ባለ ሁለት ቻናል ይሻላል።

---

ስድስት_ካሬ

ስኔር በአጭሩ፦ ሁለት ሳይን፣ 180 እና 330 ሄርዝ፣ ሁለቱም በሲንክ፣ ዲኬይና ሪሊስ 25። የፒች ኤንቨሎፕ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ከዚያ አይለፍ። ነጭ ኖይዝ በሃይፓስ 1,500 ሄርዝ፣ ዲኬይና ሪሊስ 35። አካሉና ኖይዙ የየራሳቸው ኤንቨሎፕ ይኑራቸው። አንድ ኤንቨሎፕ ከተጋሩ ድምፁ አንድ ድፍን ነገር ሆኖ ይቀራል፣ ኖይዙ ከአካሉ ትንሽ ዘግይቶ ሲያልቅ ነው ሽቦው የሚሰማው።

ክላፑ ይበልጥ ይጣፍጣል። ክላፕ አንድ የኖይዝ ምት አይደለም፤ በ10 ሚሊሰከንድ ልዩነት የሚከታተሉ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ምቶች ናቸው፣ ከኋላቸው አንድ ረጅም ጭራ አለ። አንድ ምት ብቻ ካደረግኸው ስኔር ይሆንብሃል፤ ልዩነቱ 15 ሚሊሰከንድ ካለፈ ደግሞ ምቶቹ ለየብቻ መቆጠር ይጀምራሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤልኤፍኦ (ዝግተኛ ሞገድ አመንጪ) በ100 ሄርዝ፣ የመጋዝ ሞገድ። ኢንቨርት አብራ፣ ሞገዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ኦፍሴትም አብራ፣ ከ0 እስከ 10 ቮልት ይሆናል። ትሪገሩን ወደ ሪሴቱ ላክ። ይሄ ለብቻው ማብቂያ የሌለው መደጋገም ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቪሲኤ አሳልፈውና ያን ቪሲኤ በ30 ሚሊሰከንድ ጌት ክፈተው። ከዚያ የሚወጣው ሦስት መጋዝ ነው። የጭራው ኤንቨሎፕ (ዲኬይና ሪሊስ 30) ጌቱ ሲወድቅ እንዲነሳ አድርግና ሁለቱን በሚክሰር ደምረህ የኖይዙን ቪሲኤ ንዳበት። ጭራውን ከምቶቹ ዝቅ አድርገው፣ 60 በመቶ አካባቢ።

ፊልተሩ 1,000 ሄርዝ አካባቢ ባንድፓስ (መሃሉን ብቻ የሚያሳልፍ) ነው። የፈንዳሜንታል ቪሲኤፍ ያሉት ሎውፓስና ሃይፓስ መውጫዎች ስለሆኑ ሁለት አከታትል፦ ሃይፓስ 700፣ ሎውፓስ 1,500። ጌቱ 35 ሚሊሰከንድ ከሆነ አራተኛው መጋዝ መሃል ላይ ይቆረጥና "ቅጭ" ይላል፤ 30 ወይም 40 ላይ አሳርፈው።

---

ምት_ቀማሚ

ክላፑን ሠራሁት፣ ልክ እንደተባለው ነው። የመጨረሻ ሁለት ነገር፦ ቬሎሲቲ (የምቱ ጉልበት) ድምፁን ብቻ ከፍ ዝቅ እያደረገ ሕይወት የለውም። እና እነዚህን ወደ ዋቭ ፋይል ስገለብጣቸው በምን ልክ ልያዝ?

---

ቮልት_በኦክታቭ

የሚዲ-ሲቪው ቬሎሲቲ መውጫ ከ0 እስከ 10 ቮልት ነው። ወደ ድምፁ ቪሲኤ ብቻ ከላክኸው በርቀት የተመታና በቅርብ የተመታ ኪክ ብቻ ነው የምታገኘው። ሁለተኛ ቪሲኤ አምጣና የፒች ኤንቨሎፑን በእሱ አሳልፈው፤ ያን ቪሲኤ በቬሎሲቲ ክፈተው። ጠንካራ ምት ከ392 ሄርዝ ይነሳል፣ ግማሽ ጉልበት ያለው 1.5 ኦክታቭ ብቻ ከፍ ብሎ ከ139 አካባቢ ይነሳል፤ ለስለስ ያለው "ጧ" የለውም። ለሃት ደግሞ ቬሎሲቲውን ወደ ዲኬይና ሪሊስ ሲቪ በትንሹ፣ 10 በመቶ ያህል።

አቀዳዱ፦ ራክ ውስጥ ያለ ተራ ድምፅ ከ-5 እስከ +5 ቮልት ነው፤ ኦዲዮ ሞጁሉ ላይ 10 ቮልት ሙሉ ልክ ስለሆነ ያ -6 ዴሲቤል ይሆናል። እዚያው ተወው። ከ10 ቮልት ያለፈው ይቆረጣል፣ መቆረጡን ከወደድከው ደግሞ በዲስቶርሽን ሆን ብለህ አድርገው እንጂ ለኦዲዮ ሞጁሉ አትተውለት። ዲስቶርሽን ካለ ሞገዱ ከመሃል መስመር ሊወጣ ስለሚችል መጨረሻ ላይ ሃይፓስ 20 ሄርዝ ጨምር፤ ስኮፕ ላይ ጭራው ዜሮ ላይ ማረፉን እይ።

የቪሲቪ ሪከርደር ሞጁል ነጻ ነው፤ ከፈንዳሜንታል ውጭ ስለሆነ እሱን ብቻ አውርድ። ዋቭ፣ 24 ቢት፣ ሞተሩ በሚሠራበት ሳምፕል ሬት። ኪኩን በየቬሎሲቲው አንድ አንድ ጊዜ ብትይዝ ይበቃል፣ በሲንክ ስለሆነ ሁለተኛ ቅጂው ያው ነው። ሃቱን፣ ስኔሩንና ክላፑን ግን ስምንት ስምንት ጊዜ ያዝና ሳምፕለሩ ላይ በየተራ እንዲጫወቱ አድርግ፤ አንድ ፋይል ብቻ ከወሰድክ በነጻ በሚዞሩት ሞገዶችና በኖይዙ ያገኘኸው ልዩነት ፋይሉ ውስጥ ይደርቃል። ኪኩን ስትቆርጥ ከ560 ሚሊሰከንድ በፊት አትቁረጥ፣ 80 ላይ ካለ።